ጌታ ሁለት ቀን የተቀመጠባት መንደር



በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ስለ ሳምራዊቷ ሴት የተነገረውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ሕይወት ውሃ፣ ስለ አምስቱ ባሎች፣ ስለ እውነተኛው ስግደት ብዙ ጊዜ ተሰብኮልናል፤ እኛም ሰብከናል። በቁጥር 40 ላይ ያለውን ነገር ግን ብዙዎቻችን ሳናስተውለው እናልፋለን። የሲካር ሰዎች ጌታችንን ከእነርሱ ጋር እንዲሰነብት ለመኑት፤ እርሱም ሁለት ቀን በዚያ ተቀመጠ። በማን ቤት እንዳደረ፣ ምን እንደ ቀረበለት፣ እግሩን ማን እንዳጠበው ወንጌላዊው አይነግረንም። ሁለት ቀን መቀመጡን ብቻ ይነግረናል።

ሲካር ምን ዓይነት መንደር ነበረች? የአሦር ንጉሥ የሰሜኑን መንግሥት ሕዝብ ማርኮ ከወሰደ በኋላ ከባቢሎን፣ ከኩታ፣ ከሐማትና ከሌሎችም አገሮች ሰዎች አምጥቶ በሰማርያ ከተሞች እንዳሰፈረ በ2ኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 17 ተጽፏል። እንግዲህ ሰማርያ በአይሁድ ዓይን የቅይጥ ሕዝብ አገር ነበረች። ሳምራውያን በገሪዛን ተራራ ላይ የሠሩትን መቅደስ የአይሁድ ገዥ ዮሐንስ ሂርቃኖስ ከጌታ ልደት በፊት በሁለተኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ አፈረሰው፤ ቂሙም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። የውሃው ጉድጓድ ራሱ የያዕቆብ ነበር፤ ያዕቆብን ደግሞ ሁለቱም ወገኖች አባታችን ይሉት ነበር። ሴቲቱ ጌታን በዚህ ተራራ ነው ወይስ በኢየሩሳሌም ብላ ስትጠይቀው ጥያቄዋ የጸሎት ብቻ አልነበረም፤ ርስቱ የማን ነው ማለቷም ነበር።

ጌታችን ጥያቄውን አልሸሸም። መድኃኒት ከአይሁድ እንደሆነ በግልጥ ነግሯታል፤ ሁሉም ልክ ነው ብሎ አላለባበሰም። ነገር ግን ይህን የተናገረው ከኢየሩሳሌም ሆኖ አይደለም፤ በቀትር ፀሐይ፣ ተጠምቶ፣ በእርሷ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ፣ አስቀድሞ ውሃ ለምኗት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንበል።

ወገኖቻችን፣ እኛም የራሳችን ሲካር አለችን። ስሟ ባድመ ይባላል።

ባድመ በመረብና በተከዜ ወንዞች መካከል፣ በሞቃቱ ቆላ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። በዚያ አካባቢ ትግርኛ ተናጋሪ ገበሬዎችና የራሳቸው ቋንቋና ሥርዓት ያላቸው ኩናማዎች ጎን ለጎን ኖረዋል። በሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በአካባቢው ተኩስ ተከፈተ፤ ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ሠራዊት በታንክ ገባ። በየካቲት 1991 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በብዙ ደም መልሶ ያዛት። የሁለቱ አገሮች ጦርነት በሰኔ 1992 ዓ.ም. በተኩስ አቁም፣ በታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ደግሞ በአልጀርስ ስምምነት ተቋጨ። የሞቱት ከ70 ሺህ እንደማያንሱ በሰፊው ይገመታል።

የስሟን ትርጓሜ ለሊቃውንት እንተወውና፣ በአማርኛ ጆሮ ስንሰማው ‹ባድማ› ከምንለው ቃል ጋር ይመሳሰልብናል፤ ሰው የሌለበት፣ የተተወ ምድር። ሁለቱን ሕዝቦች ከሩቅ ያዩ የውጭ አገር ጸሐፊዎችም ጠቡን ሁለት መላጣዎች በማበጠሪያ ከሚያደርጉት ግብግብ ጋር አመሳሰሉት። እኛም በዚያን ዘመን አንዳንዶቻችን በምሬት፣ ሌሎቻችን በቀልድ ይህንኑ ስንደግም ነበር። ስድቡ ግን መንግሥታቱን ብቻ አልነካም። በዚያች ምድር ማሽላና ሰሊጥ የሚዘሩትን፣ ልጆቻቸውን በዚያ የቀበሩትን እንዳልነበሩ የሚቆጥር ንግግር ነበር። ባድመ ባድማ አልነበረችም፤ ሰው ነበረባት።

ነገሩ በ1990 ዓ.ም. አልተጀመረም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1892 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር፣ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ከእንግሊዝና ከኢጣልያ ጋር የድንበር ውል ተዋዋሉ። በሁለተኛው ውል መስመሩ ሲከለል የኩናማ ነገድ ወደ ኤርትራ እንዲሆን ተጻፈ። ከፈራሚዎቹ መካከል የኩናማ ሽማግሌ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በኋላ መቀመጫውን በሄግ ያደረገው የድንበር ኮሚሽን እነዚያኑ ወረቀቶች መርምሮ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ፍርዱን ሰጠ። የፍርዱ መደምደሚያ የመንደሯን ስም በግልጥ ስላልጠራ፣ በአዲስ አበባም በአስመራም በአንድ ሰሞን የድል ብሥራት ተነገረ። ባድመ በኤርትራ በኩል መውደቋ የተረጋገጠው ቆይቶ ነበር። አንዲት መንደር ለማን እንደ ደረሰች ሳይታወቅ በሁለት ከተማ እልል ሲባልላት ከዚያ በፊት ሰምተን አናውቅም።

ይህን ስንል ድንበር ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 የባልንጀራን የድንበር ምልክት ማፍለስ ተከልክሏል፤ የናቡቴን የወይን ቦታ የነጠቀ ንጉሥም ምን እንዳገኘው እናውቃለን። ዳኛ ያስፈልጋል፤ ካርታም ያስፈልጋል። ሆኖም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 አንድ ሰው ከወንድሙ ጋር ርስት እንዲያካፍለው ጌታን በጠየቀው ጊዜ፣ ጌታችን አካፋይ ዳኛ መሆንን እምቢ ብሎ ስለ ስስት ማስተማር ጀመረ። ካህናት በዚህ ቃል ልንጠነቀቅ ይገባናል። ባድመ የማን ናት ብሎ መፍረድ የመድረካችን ሥራ አይደለም። በባድመ ያለው ሰው የማን ነው ተብለን ብንጠየቅ ግን መልሱን ማንም አይወስድብንም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ሰፈር እንናገር፤ ሌላውን መውቀስ ይቀላልና።

ያደግነው በአራዳ፣ ከፒያሳ ወደ ሥላሴ ካቴድራል በሚወስደው በኩል ነው። ጦርነቱ ሲጀመር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርን። ከቤታችን አጥር ተያይዞ፣ እኛ ልጆቹ እማማ ብቻ እያልን የምንጠራቸው ባልቴት ይኖሩ ነበር። ትውልዳቸው ኤርትራ ነው፤ አዲስ አበባ የገቡት ግን በልጅነታቸው ነበር። በየማለዳው የሥላሴን ደጅ ስመው ይመለሳሉ፤ በየወሩ በ7 ቀን የሥላሴን ጽዋ በተራቸው ያወጣሉ። እኛ ካቶሊክ መሆናችንን እያወቁ ከዳቦው ቆርሰው በአጥር ላይ ያቀብሉን ነበር። ‹‹ሥላሴ አይለያዩም፤ እናንተም አትለዩ›› ይሉ ነበር። ነገረ መለኮትን በዘርአ ክህነት ዓመታት ተምረናል፤ ሥላሴ በስም፣ በግብርና በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ መሆናቸውን በየፈተናው ጽፈናል። የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጡን ግን እርሳቸው ይመስለናል።

በ1985ቱ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጡ ሁሉ የሌላ አገር ዜጋ ናቸው ተባለ። ከ1990 ክረምት ጀምሮም ሰዎች በሌሊት ከየቤታቸው እየተወሰዱ በአውቶቡስ ወደ ድንበር ይላኩ ጀመር። በጦርነቱ ዓመታት ከኢትዮጵያ የተባረሩት 75 ሺህ ገደማ እንደሆኑ ይገመታል፤ ከኤርትራም ወደዚህ የተባረሩና የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ቁጥር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሁለቱም ወገን የራሱን ብቻ ይቆጥራል።

እማማን የወሰዷቸው በአንድ ሌሊት ነው። ሰፈሩ ነቅቶ ነበር፤ መብራት ያበራ ቤት ግን አልነበረም። እኛም በመስኮት ቀዳዳ አየን። እናታችን ነጠላቸውን ለብሰው እስከ በሩ ደረሱ፤ አባታችን ‹‹ልጆች አሉን›› አሏቸው፤ ተመለሱ። ጠዋት ማንም ስለዚህ ነገር አልተናገረም።

በወሩ መጨረሻ የሰፈሩ ዕድር ተሰበሰበ። እማማ ከሃያ ዓመት በላይ መዋጮ የከፈሉ አባል ነበሩ። የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጠው፣ ማስመሪያ ይዘው፣ በስማቸው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። እናታችን ግን በቀጣዩ ወር አምስት ብር ይዘው ሄደው፣ ‹‹የእርሳቸው ነው፤ እስኪመለሱ እኔ እከፍላለሁ›› አሉ። ለሦስት ወር ተቀበሏቸው፤ በአራተኛው ብሩ ተመለሰ። ስለ ድንበር ኮሚሽን መስመር በጋዜጣ ባነበብን ቁጥር ያ ማስመሪያ ይታወሰናል። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህም ሊጻፍላቸው ይገባል። ፈርተው ነበር፤ ሁላችንም ፈርተን ነበር።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ያዕቆብና ዮሐንስ ጌታን አልቀበልም ባለች የሳምራውያን መንደር ላይ እሳት ከሰማይ ይውረድ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ጌታም ገሠጻቸው። ሐዋርያትን በዚህ እንታዘባቸዋለን። በእኛ ጊዜ ግን እሳቱ ሲወርድ ለምን እንዳልዘገየ የጠየቁ ጸሎተኞች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው ከወጡ ገና አንድ ሰዓት አልሞላቸውም ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ ጊዜ በመዋቅሯ አልተከፈለችም። የሁለቱ አገሮች ጳጳሳት የአንድ ጉባኤ አባላት ነበሩ። ከ1969 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 1991 መባቻ፣ ማለትም ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ እስካሉት ወራት ድረስ፣ በአዲስ አበባ መንበር የተቀመጡት ብፁዕ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ ኤርትራ የተወለዱ ነበሩ። የአገራችንን ፍትሐ ነገሥት ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙትም እርሳቸው ናቸው። ኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ በጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. የኤርትራን ቤተ ክርስቲያን ራሷን የቻለች ሜትሮፖሊታን አድርገው ሲያቋቁሙ፣ መለያየቱ ያለ ጥይትና ያለ ስድብ ተፈጸመ። ዕለቱ የጥምቀት በዓል ነበር። ይህ ሊያኮራን አይገባም፤ መዋቅር አንድ ሆኖ ልብ ሊለያይ እንደሚችል በአራዳ አይተናልና። ነገር ግን ድንበር ያለ ደም ሊሰመር እንደሚችል ምስክር ነው።

ወደ ምሥራቅ ብንሻገር ሌላ ምስክር እናገኛለን። አሊቴና በአዲግራት ሀገረ ስብከት፣ በኢሮብ ምድር ናት። ኢሮቦች ሳሆ ይናገራሉ፤ ትግርኛውንም ያውቁታል፤ የሳሆ ተናጋሪ ዘመዶቻቸው ከድንበሩ ወዲያ ናቸው። በ1832 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ያለው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በእነዚህ ተራሮች መካከል አስተማረ፤ ካህናትንም አፈራ። ከባልንጀሮቹ ዋነኛው ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ጎጃሜ መነኩሴ ነበር። ኢጣልያዊ፣ ጎጃሜና ኢሮብ በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ አስቡት፤ ያ ማዕድ የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያናችን አልጋ ነው። ዩስጢኖስ በሐምሌ 1852 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ሳለ ዐረፈ፤ መቃብሩም በሄቦ ነው። ሄቦ ዛሬ ኤርትራ ናት። ስለዚህ የኢሮብ ምእመናን አንድ አባት አላቸው፤ መቃብሩን ለመሳለም ግን ድንበር መሻገር አለባቸው፤ ድንበሩም ለሃያ ዓመታት ያህል ዝግ ነበር።

በ1990ው ጦርነት አሊቴና ተያዘች፤ ከኢሮብ ተወስደው ደብዛቸው የጠፋ ሰዎች ቤተሰቦች ዛሬም ተዝካር ለማውጣትም ተስፋ ለማድረግም ተቸግረው ይኖራሉ። የ1994ቱ ፍርድ ደግሞ ከኢሮብ መሬት የተወሰነውን ወደ ኤርትራ አደረገው። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የገዥው ግንባር ሥራ አስፈጻሚ ፍርዱን እንደሚቀበል ባሳወቀ ጊዜ፣ በኢሮብና በባድመ ሰዎች ሰልፍ ወጡ። በአዲስ አበባ ብዙዎቻችን ተናደድንባቸው፤ ሰላምን እምቢ የሚል ማን ነው አልን። እነርሱ ግን እምቢ ያሉት ሰላምን አልነበረም። ቤታችን በማን እጅ እንደሚገባ ማን ጠየቀን ነበር ያሉት። የሲካር ሴትም ይህንኑ ጥያቄ ለጌታ አቅርባ ነበር፤ እርሱ እስከ ፍጻሜው ሰማት።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. መሪዎቹ በአስመራ ሰላም ተፈራረሙ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 በዛላምበሳና በቡሬ በሮች ተከፈቱ፤ ዘመድ ከዘመድ ተቃቀፈ። ብዙም ሳይቆይ በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ የኤርትራ ሠራዊትም ገባ፤ ባድመና የኢሮብ ወረዳ ክፍሎች በእጁ ወደቁ። በ1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ሸሽተው የመጡ 4 ሺህ ያህል ኩናማዎች ለብዙ ዓመታት ከተጠለሉበት የሽመልባ መጠለያ ጣቢያ በዚያው ጦርነት እንደገና ተበተኑ፤ ጣቢያውም ወደመ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም የኢሮብ ተፈናቃዮች ወደ ቤታችን አልተመለስንም ሲሉ ተሰምተዋል።

ዛሬ በአገራችን የማን ነው የሚባለው ቦታ ባድመ ብቻ አይደለም። የሌሎቹን ስም እዚህ ብንዘረዝር አንባቢያችን ዝርዝሩን ሳይጨርስ ወገን ይለያል፤ ይህንንም ከራሳችን ልብ እናውቀዋለን። ስለዚህ የምንለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ የሳምራዊቷን ሴት ታሪክ ስታስተምሩ በቁጥር 26 ላይ አታቁሙ፤ እስከ ቁጥር 42 ድረሱ። ልጆቹ ሁለቱን ቀናት እንዲያስቡ አድርጉ፤ ጌታ በማን ቤት ያደረ ይመስላችኋል ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆቻቸው በቤት ስም እየጠሩ የሚሰድቡት ሕዝብ ካለ፣ ምናልባት አንዱ ልጅ በእነርሱ ቤት ነው ብሎ ይመልሳል። በቁምስናችሁም በምእመናን ጸሎት ጊዜ ስለ ድንበር ብቻ ሳይሆን ስለ መንደሮቹ፣ በስማቸው እየጠራችሁ ጸልዩ።

የእማማን ነገር አልጨረስንም። በሐምሌ 2010 የአስመራ ስልክ በተከፈተ ጊዜ ብዙ ሰው የማያውቀውን ቁጥር ሁሉ እየደወለ ያለቅስ ነበር። እናታችንም በሰው በሰው አፈላልገው የእማማን ልጅ አገኟት። እማማ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። በአስመራ ከአዲስ አበባ የሄዱትን ‹አምቼ› ይሏቸዋል፤ በአዲስ አበባ በተገጣጠመችው መኪና ስም። እማማም እስከ ዕለተ ሞታቸው ቡናውን በአማርኛ ይመርቁ እንደነበር ልጃቸው ነገረቻቸው። ከዚያም ‹‹ዕድሩ አሁንም አለ? ስማቸው አለ?›› ብላ ጠየቀች። እናታችን ስልኩን እንደ ያዙ ዝም አሉ።

በሳምንቱ በቤታችን ለቅሶ ተቀመጡ። ዘጠኝ ዓመት ላለፈው ሞት ነውና አንዳንዱ ጎረቤት ሣቀ። ቡና ተፈላ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ከቀድሞው የዕድር አባላት አምስት ሰዎች መጡ። ከሥላሴ ደብርም አንድ አረጋዊ ካህን መጥተው ፍትሐት አደረሱ፤ እኛም በጎናቸው ቆመን አሜን አልን። ሁሉም ከወጣ በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ፣ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው የቀሩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መዝገቡን ያሰመሩት ጸሐፊ ናቸው።